ማግኔቱ በአምስት ሰከንድ ሳበው፤ አሁን ህዋስ ውስጥ ላስገባው?

ቀሃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በኤም አር አይ ምስል ላይ ህዋሳትን ለመከታተል የሚያገለግል የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት መሥራት ነው። ርዕሱን ስነግራት እናቴ «ብረት ሰው ውስጥ ልትከቺ ነው?» ብላ አማተበች። ከእሷ በቀር ሁሉም ወዶታል። ችግሩ ያለው ቢከሩ ውስጥ ነው።

የሠራሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ሁለት እጅ ፌሪክ ክሎራይድ እና አንድ እጅ ፌረስ ክሎራይድ (ሁለቱም የብረት ጨዎች ናቸው) በውሃ አሟሟሁ፤ ለሽፋን እንዲሆን ዴክስትራን ጨመርኩ፤ በማግኔት በሚሽከረከረው ማማሰያ ላይ አስቀምጬ አሞኒያውን ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ነው የሠራሁት። ብርቱካንማው ፈሳሽ በቅጽበት ጥቀርሻ መሰለ። ያንን ቅጽበት ያየ ሰው ኬሚስትሪ ለምን እንደምወድ አይጠይቀኝም።

ከዚያ መብራት ሄደ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲመጣ ፈሳሹ ጠርቶ፣ ጥቁሩ ሁሉ ማማሰያዋ ዘንግ ላይ ተሰብስቦ፣ እሾሁን እንዳቆመ ጃርት ሆኖ ጠበቀኝ። በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቄ ወደ ጠርሙስ መለስኩት። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት ወደ ጠርሙሱ ጎን ሳስጠጋ ዝቃጩ በአምስት ሰከንድ ተጠራርጎ ሄደ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ቪዲዮ ቀርጬ ለጓደኞቼ ላክሁ።

በሳምንቱ ግን ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቡናማ ዞረ፤ የጠላ አተላ መሰለ። ማግኔቱ አሁንም ይስበዋል። ተበላሽቷል ማለት ነው? ደግሞ አንድ መምህር «ኤም አር አይ ላይ ምስሉን ለማጉላት ሐኪም ቤት የሚሰጠው ጋዶሊኒየም እያለ ብረት ምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ኤም አር አይ ላይ የምሠራበት ቀጠሮ ላገኝ የምችለው ቢበዛ አንድ ምሽት ነው። እስከዚያ ድረስ ቅንጣቱ በእርግጥ ህዋስ ውስጥ መግባቱን፣ ገብቶም የሚጠቅም መሆኑን በምን ላሳይ?

---

ዝቃጭ አጣቢ

እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ቡናማነቱ አያስደንግጥሽ። ጥቁሩ ማግኔታይት ነው፤ አየር ሲያገኘው ወደ ማግሄማይት ይለወጣል፤ ማግሄማይት ቡናማ ነው፣ ማግኔትም ይስበዋል፣ ለምስልም ያገለግላል። ማግኔት የማይስበው ቀይ ዝገት ቢሆን ኖሮ ድፋው እልሽ ነበር።

የሚያስደነግጠው አንቺን ያስደሰተሽ ነገር ነው። አምስት ሰከንድ! በደንብ የተሸፈነ፣ ተለያይቶ የሚንሳፈፍ ቅንጣት በእጅ ማግኔት እንዲህ አይጠራረግም። ለብቻው ያለን ትንሽ ቅንጣት የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ይገፉታል፣ ማግኔቱ ግን አንዱን ብቻውን ለመጎተት አቅም ያንሰዋል። ዝቃጭሽ በአምስት ሰከንድ የሄደው በሺህ የሚቆጠሩት ተጣብቀው አንድ ጓል ስለሆኑ ነው። ጥሩው ምርት ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፦ ቀጠን ያለ ቡና። ጠርሙሱን ለሳምንት መስኮት ላይ ብታስቀምጪው ታቹ አይዘቅጥም፤ ማግኔት ጎኑ አስረሽበት ብታድሪ ጠዋት ላይ ትንሽ ብቻ ጠቆር ያለ ጥግ ታያለሽ። ቪዲዮው የማያምር ከሆነ ሥራው አምሯል ማለት ነው።

ከ20 ናኖሜትር ያነሰ የማግኔታይት ቅንጣት ማግኔት አጠገቡ ሲሆን ይሳባል፣ ማግኔቱ ሲነሳ ግን ማግኔትነቱን ይረሳል። በዚህ ባሕርይው ነው ደም ውስጥ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ የሚሄደው። ጃርቱን የፈጠረው መብራት መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ማማሰያሽ ራሱ ማግኔት ነው! ቅንጣቶቹን እየሠራሽ እዚያው ትለቅሚያቸዋለሽ። ከላይ በሞተር የሚዞር የመስታወት ዘንግ ተጠቀሚ። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ከዘንግ ላይ ጥቁር ስፍቅ ነበር፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አየሩን በተመለከተ፦ ውሃውን ቀድመሽ አፍልተሽ ከድነሽ አቀዝቅዢው፤ የሟሟው ኦክስጅን ይወጣል። ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱ ለዚህ ሥራ ምንም አያጎድልም፤ የአሠራር ጽሑፎች የሚሉትን «90 ዲግሪ ላይ አቆዪ» ግን በጥንቃቄ አንብቢው፣ እዚያ ከፍታ ላይ ሊንተከተክ ትንሽ የቀረው ነው። ናይትሮጅን ሲሊንደር ከሌላችሁ የከብት ዘር አዳቃዮችን ጠይቂ፤ የኮርማ ዘሩን የሚያኖሩት በፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። ከእሱ የሚተነውን ጋዝ በቱቦ ወደ ፈሳሽሽ ማስገባት ይቻላል። ዕቃውን ግን ፈጽሞ ጥብቅ አድርገሽ እንዳትዘጊ፤ ይፈነዳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ፌረስ ክሎራይድሽ አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ? ቢጫ ከሆነ መደርደሪያ ላይ እያለ ወደ ፌሪክ ተለውጧል፤ ሁለት ለአንድ የመዘንሽው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

---

ቀሃ

ቢጫ ነው። ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ። አሁን ሄጄ አየሁት። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከመግባቴ በፊት ነው።

ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ።

---

አዘዞ ተወላጅ

ሰላም እህቴ። እኔ የራዲዮግራፊ ባለሙያ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ፣ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ለመምህርሽ የሚሆን መልስ ከእኔ ውሰጂ።

ኤም አር አይ የሚያየው ብረቱንም ጋዶሊኒየሙንም አይደለም፤ ውሃን ነው። ጋዶሊኒየም ሰባት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አጠገቡ ያለው የውሃ ሃይድሮጅን ቶሎ ወደ ቦታው እንዲመለስ ያደርጋል፣ ስለዚህ አካባቢው ይነጣል። ብረት ኦክሳይድ ደግሞ ዙሪያውን ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ያናውጣል፤ ምልክቱ ይጠፋል፣ አካባቢው ይጠቁራል። ናውጡ ከቅንጣቱ ስፋት በላይ ርቆ ስለሚሄድ ጥቂት ብረት ትልቅ ጥቁር ነጥብ ይሠራል። ለህዋስ መከታተያ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጋዶሊኒየም ህዋስ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ሲታጨቅ ውሃ እንደ ልብ አያገኘውም፤ ብሩህነቱ ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጤና ነው። ራቁቱን የሆነ ጋዶሊኒየም መርዝ ነው፤ መጠኑ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ በካልሲየም በር ገብቶ ይዘጋዋል። በዚህ የተነሳ ነው በሌላ ሞለኪውል ጠፍንገው የሚሰጡት፤ የመጀመሪያው በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሰዓታት ቆይቶ በኩላሊት ይወጣል ተብሎ ነው የሚሰጠው። ኩላሊታቸው በጠና የደከመ ሕሙማን ላይ ግን ቆዳን የሚያጠነክርና መገጣጠሚያን የሚያደርቅ በሽታ እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ታወቀ። በ2014 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ደጋግመው የወሰዱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ምልክቱን አዩ። በ2017 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደ ቀለበት ሳይሆን እንደ ክር ከተሠሩት ጠፍናጊዎች አብዛኞቹን አገደ፤ ክሩ ይላላል፣ ቀለበቱ አጥብቆ ይይዛል። አንቺ የምትሠሪው ህዋስ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት የሚቆይ ነገር ነው። ለሰዓታት የተሠራን ጠፍናጊ ለሳምንታት አታምኚውም። ብረትን ግን ሰውነት ያውቀዋል፤ ሲፈርስ ወደ ሄሞግሎቢን ይገባል።

ብረቱ አዲስ ነገር አለመሆኑንም ንገሪያቸው። ፌሪዴክስ የተባለው በዴክስትራን የተሸፈነ ብረት እ.ኤ.አ. በ1996 ለጉበት ምርመራ ተፈቅዶ ነበር፤ ጤነኛው ጉበት ውስጥ ያሉት በላተኛ ህዋሳት ብረቱን ውጠው ይጠቁራሉ፣ ዕጢው ሳይጠቁር ይቀርና ይለያል። ገበያው ስላላዋጣ ከገበያ ወጣ። በ2009 የተፈቀደው ፌሩሞክሲቶል ደግሞ ለኩላሊት ሕሙማን የደም ማነስ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሞች ለምስልም ይጠቀሙበታል።

ስለዚያ አንድ ምሽትሽ ልምከርሽ። ቅንጣትሽን በተለያየ መጠን አጋር በተባለው ጄሊ ውስጥ ቀላቅለሽ በትንንሽ ቱቦዎች አርጊው፣ አንዱን ያለ ብረት ተይው። ቱቦዎቹን ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁሚ። የማስተጋቢያውን ጊዜ (ማሽኑ ምልክቱን ከማንበቡ በፊት የሚጠብቀውን) እየቀያየራችሁ አንሷቸው፤ ከየቱቦው የምልክቱን አወራረድ ታሰያለሽ፣ ከብረቱ መጠን ጋር በመስመር ታገናኚዋለሽ። የመስመሩ ቁልቁለት የመድኃኒትሽ አቅም ነው። የብረቱን መጠን በግምት እንዳትጽፊ! በአሲድ አሟምተሽ፣ ብረቱን ሁሉ ወደ ፌረስ መልሰሽ፣ ፌናንትሮሊን ከተባለው ኬሚካል ጋር ቀላቅዪው፤ ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፣ በአሮጌ ስፔክትሮፎቶሜትር 510 ናኖሜትር ላይ ይነበባል።

አጋሩ ውስጥ አረፋ እንዳይኖር ተጠንቀቂ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳግዝ «ድንቅ የብረት ምልክት» ብለን ያከበብንበት ነጥብ የአየር አረፋ ሆኖ ተገኘ። ጥቁር ነጥብ ብዙ ዘመድ አለው፦ አየር፣ የቆየ ደም፣ የካልሲየም ክምችት። የዓይን ማስዋቢያ ቀለም እንኳ ብዙ ጊዜ ብረት ኦክሳይድ ስላለበት የዓይንን ምስል ያበላሻል። ተኳኩላ የምትመጣን ሴት «ታጠቢ» ስላት ታኮርፈኛለች፤ ያንቺን መድኃኒት ተቀብታ እንደመጣች አታውቅም።

---

ጋሽ ጊምዛ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ጡረታ የወጣሁ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የጨረስኩት። ስለ ናኖ አላውቅም፤ ስለ ማክሮፌጅ፣ ስለዚያ በላተኛ ህዋስ፣ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ወርደው ካላአዛር የተባለውን የጥገኛ በሽታ ይዘው የሚመለሱ ጎልማሶችን ታውቂያለሽ፤ ጣፊያቸው እምብርታቸው ድረስ ይወርዳል። ከጣፊያቸው ወይም ከአጥንት መቅኒያቸው የተቀዳውን ጊምዛ በተባለው ቀለም ቀልመን ስናይ ጥገኛው ማክሮፌጅ ሆድ ውስጥ ተኮልኩሎ እናገኘዋለን። ማክሮፌጅ ያገኘውን ይውጣል፤ ጥገኛ፣ አቧራ፣ የሞተ ህዋስ። ያንቺን ብረትም ይውጣል። እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ ያለው።

ህዋስሽን ብረት አብልተሽ ሰውነት ውስጥ ከተትሽው እንበል። ሞተ። ብረቱ አልሞተም። ጎረቤቱ ማክሮፌጅ መጥቶ ሬሳውን ከነብረቱ ዋጠው። ማሽኑ ያው ጥቁር ነጥብ ያሳይሻል። አንቺ «ህዋሴ በሦስተኛው ሳምንት እዚህ ይገኛል» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ያለው ግን ቀባሪው ነው። ህዋሱ ባይሞትም ለሁለት ሲከፈል ብረቱም ይከፈላል፤ አንዱ 20 ፒኮግራም ይዞ ከጀመረ ሁለቴ ተከፍሎ እያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል፤ ከዚያ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ በሕይወት ያለው እየደበዘዘ፣ የሞተው እየደመቀ ሊታይሽ ይችላል።

ይህን ያለ ምንም ኤም አር አይ መፈተን ትችያለሽ። የፐርልስ ቅልም የሚባል አለ፤ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እኩል፣ በዚያው ሰዓት ቀላቅለሽ ስላይዱ ላይ ታፈስሺዋለሽ። ብረት ካለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ዘመናት የተፈተነ ነው፣ ማንኛውም የፓቶሎጂ ክፍል አለው። መጀመሪያ ማክሮፌጆችን ብረት አብልተሽ ቀልሚ። ያልበሉትንም ጎን ለጎን ቀልሚ። ሕያው መሆናቸውን የሞተውን ብቻ በሚያቀልመው ትሪፓን ብሉ ቁጠሪ። ከዚያ ብረት የበሉትን ግደያቸው፤ ሬሳቸውን ብረት በልቶ ለማያውቅ ሌላ ማክሮፌጅ ስጪው፤ በማግስቱ ሁለተኛውን ቀልሚ። የሚያሳይሽን አይተሽ የመመረቂያሽን ርዕስ መልሰሽ አንብቢው።

ካላአዛር ላይ ለመሥራት ካሰብሽ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሺ። ጥገኛው ራሱ ብረት ይፈልጋል፤ ከማክሮፌጁ ይሻማዋል። ምልክት ነው ብለሽ የሰጠሽው ብረት ግብዣው ላይ ቁጭ ብሎ የሚታዘብ እንግዳ አይሆንም።

---

ቀሃ

ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ማንም ይህን አልነገረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥቁር ነጥቡ ህዋሱን ካልነገረኝ ታዲያ ምን ልሠራ ነው? ርዕሱን ልተወው?

---

አዘዞ ተወላጅ

አትተዪው! ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ጥያቄሽን አሳጥሪው። «ህዋሴ ከወር በኋላ በሕይወት አለ?» ብለሽ ብረትን አትጠይቂ። «መርፌው የት አሳረፈው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ያንን ብረት በደንብ ይመልሳል።

ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሥራ አለ። ተመራማሪዎቹ የስምንት የቆዳ ካንሰር ሕሙማንን የራሳቸውን የመከላከያ ህዋሳት ብረት አብልተው እንደ ክትባት ንፍፊት ውስጥ በመርፌ አስገቡላቸው፤ መርፌውን በአልትራሳውንድ እያዩ ነው። ኤም አር አይ ሲያነሷቸው በአራቱ ሕሙማን ላይ ክትባቱ ንፍፊቱን ስቶ ነበር። ግማሹ! ያ ምስል ባይኖር ኖሮ «ሕክምናው አልሠራም» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ንፍፊቱ ጋ ሳይደርስ።

የህዋሳቱን ቁጥር ማወቅ ከፈለግሽ በብረት ፈንታ ፍሎሪን የማብላት መንገድ አለ። ሰውነት ውስጥ በኤም አር አይ የሚታይ ፍሎሪን ስለሌለ የታየው ሁሉ አንቺ ያስገባሽው ነው፤ በሰው ላይ የመጀመሪያው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ልዩ መቀበያ መጠምጠሚያ እና ብዙ ህዋስ ስለሚጠይቅ ግን ለአንድ ምሽት ቀጠሮሽ አይሆንም። ቢሆንም እሱም ህዋሱን አያይም፤ ፍሎሪኑን ነው የሚያየው። የጋሼ ቀባሪ እዚያም አለ።

---

ዝቃጭ አጣቢ

እኔ የምጨምረው አንድ ነው፦ ከሠራሽ በኋላ በዳያሊሲስ ከረጢት (ቅንጣቱን አስቀርቶ ትንንሹን ሟሟ በሚያሳልፈው) አድርገሽ ውሃውን እየቀየርሽ ሁለት ሦስት ቀን እጠቢው። ያልተያያዘ ብረትና አሞኒያ ከቀረበት ህዋሱን የሚገድለው እሱ ነው፤ አንቺ ግን «ናኖ ቅንጣቱ መርዛማ ነው» ብለሽ ትደመድሚያለሽ።

---

ቀሃ (ከሁለት ወር በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

አዲስ ፌረስ ክሎራይድ መጣልኝ፤ አረንጓዴ ነው፣ ጠርሙሱን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ነው። ማማሰያውን ከተቃጠለ የጁስ መፍጫ አሠራሁት፤ አራዳ ገበያ ያለ ጠጋኝ ሞተሩን ጠምጥሞ ጫፉ ላይ የመስታወት ዘንግ አሰረልኝ፤ «ምን ልትፈጪበት ነው?» ሲለኝ «ብረት» አልኩት፤ ዋጋ ጨመረብኝ። ሦስት ጊዜ ሠራሁ። ሁለቱ ዘቀጡ። ሦስተኛው መስኮቱ ላይ ከተቀመጠ ዛሬ 19 ቀኑ ነው፤ ልክ እንደተባለው ቀጠን ያለ ቡና። ማግኔቱን አሳድሬበት ጠዋት ሳየው ጥጉ ላይ የጥፍር ታህል ጥላ ብቻ አለች።

የባዮሎጂ ክፍል ጓደኛዬ ፈቃድ ባለው ሥራዋ ላይ ከአይጥ ሆድ ዕቃ የተወሰዱ ማክሮፌጆች ተርፈዋት ሰጠችኝ። ብረት አብልተን በፐርልስ ቀለምናቸው። ያልበሉት ሐመር ሮዝ፤ የበሉት ግን ከኒውክለሱ ዙሪያ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሞልቶባቸዋል። በእጄ የሠራሁት ነገር ሌላ ፍጡር ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳየው ለደቂቃዎች ከማይክሮስኮፑ አልተነሳሁም።

ከዚያ የጋሼን ፈተና ሠራን። የበሉትን ገድለን ለሌሎቹ ሰጠን። በማግስቱ ሁለተኛዎቹም ሰማያዊ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሳሳ ይላል፤ ነገር ግን ስላይዶቹን ስማቸውን ሸፍኜ ለጓደኛዬ ሳሳያት የትኛው የትኛው እንደሆነ ከአሥሩ አራቱን ሳተች። ይህን እንደ ሽንፈት ልጽፈው ነበር፤ አማካሪዬ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አድርጊው አሉኝ። ከርዕሱ ላይ «ለመከታተል» የሚለው ወጥቶ «ማረፊያውን ለማሳየት» የሚል ገብቷል። እናቴ አሁንም ታማትባለች።

የኤም አር አይ ምሽቴ በሚቀጥለው ወር ነው። አጋሩን ቀስ ብዬ አፍስሼ አረፋውን በመርፌ እያወጣሁ እየተለማመድኩ ነው። ጋሼ፣ ስላይዶቹን በዓይንዎ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል፤ የት ልምጣ?

---

ጋሽ ጊምዛ

ሳሙና በር ነኝ ልጄ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነይ፤ ማይክሮስኮፑን ጠርጌ እጠብቅሻለሁ። የሳሱትን ስላይዶች መጀመሪያ አሳዪኝ። ያንን የሬዲዮ ማግኔትም ይዘሽ ነይ፤ የባለቤቴ መርፌዎች ምንጣፍ ውስጥ ጠፍተዋል።